የጋሽ እሺ ፋብሪካ ያተርፋል ወይ?

ጥቅምት 4

ለተከበርሽው እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ከነሙቀቱ ይድረስሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርግልሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሳይገርምሽ አይቀርም። እትዬ፣ ባለፈው ስንደዋወል የጣሪያሽን ማፍሰስ፣ የጎረቤትሽን ልጅ መታጨትና የድመቷን መውለድ ነግረሽኝ፣ «በል አሁን ዋናውን ነገር ንገረኝ» ስትዪኝ ሂሳቡ አለቀ። በእኔና በአንቺ መካከል ዋና ነገር በጽሑፍ ካልሆነ አይተላለፍም።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ። የአጎታችን ልጅ ጋሽ እሺ የሚመሩት የመኪና ዕቃ ማምረቻ ግማሹ የእኔ ነው። ቡሽ ነው የሚያመርቱት፤ መኪና ሲሄድ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ መሐል የሚገባው የጎማ ቀለበት። መቼም መኪና ሁሉ ቡሽ ይፈልጋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የትርፍ መልክ አላየሁም። ዓመት ባለቀ ቁጥር ጋሼን ስጠይቃቸው «እሺ፣ እናስተካክላለን» ይሉኛል። ስማቸውን ያወጣው ሰው አልተሳሳተም።

አሁን ከጎናቸው ትልቅ መጋዘን ያላቸው ነጋዴ ድርሻዬን ልግዛህ ብለውኛል። እስከ የካቲት መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ። እሳቸው የሚፈልጉት ቦታውን እንጂ ማሽኑን እንዳልሆነ አልደበቁኝም። ግማሹን ከያዙ ማሽኑን ነቅለው ዕቃቸውን ይከምሩበታል፤ ጋሼም ከነሠራተኛቸው ደጅ ይወጣሉ ማለት ነው።

እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ኢንቨስተር ማሰብ አለብኝ። እዚህ ውጭ አገር ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራ በኋላ የንግድ ኮርስ እየወሰድኩ ነው። አስተማሪው «ለኩባንያ አታልቅሱ» ይለናል። ስለዚህ ሄደሽ እዪልኝና እነዚህን መልሺልኝ። አንደኛ፣ አስተዳደሩ ጠንካራ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ማሽኑ ሥራ ይፈታል ወይ? ሦስተኛ፣ ደንበኞቹ እነማን ናቸው? አራተኛ፣ ተፎካካሪ አለ? አምስተኛ፣ በጠቅላላው ድርጅቱ የማገገም ተስፋ አለው ወይ?

እኔ እንደላክሁሽ ጋሼ እንዳያውቁ። ደግሞ እባክሽ ከጥያቄዎቹ ውጭ አትውጪ።

አክባሪ ወንድምሽ


ጥቅምት 23

ለወንድምዓለሜ፣

እንደው ሰላምታዬ ካለህበት ገብቶ አጠገብህ ይቀመጥ። ወገብህን ምን ነካው? አንሶላ ስትሸከም ነው አይደል? ሞቅ ባለ ውሃ እሸው፣ ጎንበስ ስትል ጉልበትህን እጠፍ። እናታችንም እንዲሁ ሳታጥፍ እየተጎነበሰች ነበር። ፈጣሪ ወገብህን ብረት ያድርግልህ። ድመቷ አራት ነው የወለደችው፤ ሦስቱን ሰው ወስዷቸዋል።

ከጥያቄህ አልወጣም። ሄድኩልህ። ግቢው ከድልድዩ በታች ነው፤ የቆርቆሮ በር አለው፤ ገና ሳትደርስ የተቃጠለ ጎማ ይሸትሃል። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ እስካሁን ሁለቴ ታጥቤ አልወጣም። ውስጥ ከቁም ሳጥን የሚበልጥ ማሽን አለ፤ ፕሬስ ይሉታል። ጥሬውን ላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ብረት ውስጥ ይከቱና ጨምቆ ያበስለዋል፣ ልክ እንደ ዳቦ። ማሽኑን የምትይዘው አንዲት ቀጭን ሴት ናት። «ሻምበል» ነው የሚሏት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አንዴ ዞር ብላ ስታየኝ ገባኝ።

ጋሼ ሲያዩኝ በደስታ ሊበሩ! «አንቺ! ምን እግር ጣለሽ?» አሉኝ።

ሰላይ መሆኔ ትዝ አለኝና «ቡሽ ፈልጌ» አልኩ።

«መኪና ገዛሽ?»

ምን ልበል? «ገዛሁ።»

«እሰይ! እሰይ! ምን ዓይነት?»

«ቀይ።»

ሻምበል ከማሽኑ ሥር ሆና፣ «ቀይ የሚባል ሞዴል የለንም» አለች።

«ቆይ እንጂ አንቺ» አሏት ጋሼ። ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው፣ «ትልቅ ነው ትንሽ?»

«መካከለኛ።»

«እሺ! የመካከለኛ ሥሪላት!» ሻምበል ለረጅም ጊዜ አየችኝና መፍቻዋን አንሥታ ብረቱን መፍታት ጀመረች።

እንግዲህ መልሶችህ። አስተዳደሩ ጨጓራውን ይነካካዋል እንጂ ጠንካራ ነው፤ ከበሩ እስከ ማሽኑ በሩጫ ሲመላለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ማሽኑ ሥራ አይፈታም፤ ሲፈቱት ሲያስሩት፣ ሲፈቱት ሲያስሩት ነው የሚውለው። ደንበኞቹ ሰው ሁሉ ናቸው። ባለ ታክሲ አለ፣ ጋራዥ ያለው አለ፣ አንዱማ የሕፃን ጋሪ ጎማ አልቆበት ይዞ መጥቷል፤ እሺ አሉት። ስለ ተፎካካሪ ስጠይቃቸው፣ «ከውጭ የሚመጣ አለ፤ ምን ይደረግ፣ እነሱም ይኑሩ» አሉኝ። ልባቸው እንዴት ሰፊ ነው!

አምስተኛው እንኳ መጠየቅም አልነበረበትም። እንደዚህ ሰው የሚጋፋበት ቤት ካላተረፈ ማን ሊያተርፍ ነው? እንዳትሸጥ!

በነገራችን ላይ፣ ሰው ካገኘህ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ላክልኝ። ለጎማው ነው።

እትዬህ


ኅዳር 10

ለውድ እትዬ፣

ያንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቤቴ ሰው የመጣበት ያህል ሞቀ። ዕድሜሽ ይርዘም። ወገቤን እንዳልሽው በሙቅ ውሃ አሸሁት፤ ባሰበት።

መልሶችሽን ይዤ፣ ስም ሳልጠቅስ የኮርሱን አስተማሪ አማከርኩት። ገበያ ሞልቶ፣ ማሽን ሳያርፍ፣ ትርፍ ከሌለ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አለኝ፤ ሌባ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ አይበቃም። ጥቂት ቀን ተመላለሽና በሩ አካባቢ ሆነሽ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ እዪልኝ።

ስለ ቀዩ መኪና ግን እትዬ፣ ሌላ ምክንያት አጥተሽ ነው? «ልጠይቅዎት መጣሁ» ብትዪ ምን ነበረበት?

ነጋዴው ትናንት ደውለውልኝ ነበር። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ስለ ወገቤ ሳይቀር ጠየቁኝ። ብዙ ተጨዋወትን።

ጋሼ ስለ እኔ አንሥተው ነበር?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15

ለወንድምዓለሜ፣

ጤናህን በእጥፍ ያድርግልህ፤ የዘገየሁበትንም ይቅር በለኝ። እጄ ሥራ በዝቶበት ነው። የምን ሥራ ትለኝ ይሆናል፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

ሌባ የለም። ይህን አስተማሪህን ንገረው። እዚያ ቤት ሌባ ምን ያደርጋል? ቢጠይቃቸው እሺ ይሉታል።

ያገኘሁትን ልንገርህ። እኔ ቤቱ ሞላ፣ ማሽኑ አላረፈ ብዬህ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሻምበል አስረዳችኝ። ቡሹ ራሱ ሲበስል ጊዜ አይወስድም። ብረቱ ግን ለያንዳንዱ ዓይነት መኪና የተለያየ ነው። አንዱን አውጥቶ ሌላ ለማስገባት መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ይፈታል፣ ሌላው ይታሰራል፣ እንደገና እስኪግል ይጠበቃል። ግማሽ ቀን በዚያ ይሄዳል። እና ጋሼ ለመጣው ሁሉ እሺ ይላሉ። አንዱ ለአሮጌ መኪናው ሁለት ቡሽ ይላል፣ እሺ፤ ብረቱ ይፈታል። ሌላው ሦስት ይላል፣ እሺ፤ እንደገና ይፈታል። ማሽኑ ከሚሠራው የሚፈታው ይበልጣል።

ሻምበል ይህን ስትነግረኝ መፍቻዋን እየጠረገች ነበር። «ባለፈው አንዲት ሴትዮ መጥታ፣ ለቀይ መኪና ብላ ቀኔን ሙሉ በላችብኝ» አለች። «ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም» አልኳት።

«ደርባባ ናት። አንቺን ትመስላለች።»

ወደ በሩ ሸሸሁ። ቡሾቹን ግን ጋሼ ራሳቸው እቤት ድረስ አምጥተውልኛል፤ ዋጋ ተቀበሉኝ ብላቸው ወይ ፍንክች። አሁን ባዩኝ ቁጥር «ቀዩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ደህና ነው እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ጎማ ቀየርኩለት ብዬ ጭራሽ ጨመርኩበት።

ከሁሉ የባሰው የአውቶብሶቹ ነገር ነው። የአውቶብስ ድርጅቱ ዕቃ ገዢ አንድ ዓይነት ቡሽ፣ ብዙ፣ አዟል። እሱን ብቻ ቢሠሩለት ማሽኑ ለሳምንታት ብረት ሳይቀይር ይውላል። ሰውዬው በላብ ተጠምቆ መጣ።

«ጋሼ፣ አውቶብሶቼ ቆሙብኝ እኮ! ሌላ ቦታ ልሂድ?»

«እሺ የኔ ጌታ፣ ነገ እንጀምርልሃለን።»

ሻምበል ከኋላዬ፣ «ነገ የሕፃን ጋሪ ነው» አለች።

ክፋት የለባቸውም። ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲለምናቸው «አይሆንም» የምትለዋ ቃል ጉሮሯቸው ላይ ትቀራለች፤ ስትቀር አይቻለሁ፣ አንገታቸው ላይ ወደ ላይ ትወጣና ትመለሳለች። ስድሳ ዓመት ያልፈወሳቸውን እኔና አንተ አንፈውሳቸውም። እያዘንኩ ነው የምጽፍልህ፤ ሽጥ።

ስለ አንተ ሁልጊዜ ያነሣሉ። «የእኔ ኢንቨስተር» ነው የሚሉህ።

ሽቶው ይቅርብኝ። ይልቅ የጆሮ መድፈኛ ካገኘህ ላክልኝ።

እትዬህ


ታኅሣሥ 28

ለተከበርሽው እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ያየሽውን ሳታለባብሺ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ውሳኔዬን ወስኛለሁ፤ እሸጣለሁ። እኔ እስክነግራቸው ድረስ ለጋሼ ምንም አትተንፍሺ። ነገሩን የማቀርብበትን መንገድ እያሰብኩበት ነው።

የጆሮ መድፈኛ ለምንሽ ነው?

ወንድምሽ


ጥር 6

ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ምርቃቱን በኋላ አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ እንጣላ።

የጆሮ መድፈኛው ለምንሽ ነው ብለሃል። እሺ፣ ልናገር። እዚያ እየሠራሁ ነው። ሌባ ልጠብቅልህ በሩ ላይ ስቀመጥ ጋሼ፣ «መቀመጥሽ ካልቀረ የመጣውን ሰው ተቀበይልኝ» አሉኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። የማን ዘመድ ነኝና!

አሁን ስማኝ። ትናንት ነጋዴው በሩን አልፈው ገቡ፣ ሜትር ይዘው። የፕሬሱን ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ ይለኩ ጀመር። ሻምበል እግራቸው ሥር ዘይት የነካው ጨርቅ ጣለችላቸው፤ ረግጠውት አለፉ።

«ምን ልርዳዎት?» አልኳቸው።

«ምንም፣ እመቤቴ። የውጭው ባለድርሻ ሰጥቶኛል፤ እሺ ብሎኛል። ከኅዳር ጀምሮ ያለቀ ነገር ነው።»

ከኅዳር! እኔ ሽጥ ሳልልህ! ጋሼ ይሰማሉ ብዬ ዘወር ስል አጠገቤ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ክንዴን ያዙና፣ «አትደንግጪ። ይሳሳቱ ይሆናል። ወሬውን ከሰው ሰምቼ ደውዬለት ነበር። 'አትሽጥብኝ' አልኩት። እሺ ብሎኛል» አሉኝ።

አንተ ሰው! ለሁለቱም እሺ ብለሃል!

እኔ ያን ያህል መንገድ ተመላልሼ፣ ፀጉሬን ጎማ አሽትቼ፣ «በሽታው እሺ ማለት ነው» ብዬ ስጽፍልህ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ለሁለት ሰው አንድ ዕቃ ትሰጣለህ? ኮርሱ ይህን ነው የሚያስተምረው?

እኔ እዚህ በሩ ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር እየተማርኩ ነው። የሕፃን ጋሪ ይዞ የመጣው ሰውዬ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ ለጎረቤቱ ጋሪ። ጋሼ ሳያዩት አስቀመጥኩት። ልጁ ጥርስ አወጣ ወይ አልኩት። ሁለት አውጥቷል። እናቱስ ትተኛለች? አትተኛም። ስናወራ፣ ስናወራ ቆየንና፣ «የኔ ወንድም፣ ይህን እኛ አንሠራልህም፤ አውቶብሶች ቆመው ሰው በእግሩ እየሄደ ነው» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እውነትሽን ነው፣ እናቴም በእግሯ ነው የምትሄደው» ብሎ አመስግኖኝ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ነው መቀመጫ የፈለግኩት።

ስለዚህ ሽጥ ያልኩህን ትቼዋለሁ። ለመሸጥም ላለመሸጥም ግን አፍህ የአንተ ነው። አንዱን ምረጥና ለሌላው እምቢ በለው። እኔን አማላጅ እንዳታደርግ፤ የበሩ ይበቃኛል።

አሁን ምርቃቱ፦ ፈጣሪ አንድ ልብ፣ አንድ አፍ ይስጥህ።

እትዬህ


የካቲት 9

ለእትዬ፣

እየተቆጣሽኝም ቢሆን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። ደብዳቤሽን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። የሥራ ባልደረባዬ «ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለኝ።

አዎ፣ ለሁለቱም እሺ ብያለሁ። ነጋዴው ስለ ወገቤ ሲጠይቁኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያ «ታዲያ ተስማማን?» ሲሉ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ጋሼ ደግሞ ሲደውሉ ድምፃቸው ቀጭን ነበር። እንዴት እምቢ ይባላል? ሲጀመርም ድርሻ የገዛሁት ጥናት አጥንቼ አይደለም፤ «ግባበት» ሲሉኝ እሺ ብዬ ነው። አንቺን የላክሁሽ አንድ ሰው ውሳኔውን እንዲወስንልኝ ነበር መሰለኝ። አንቺም መጀመሪያ አትሽጥ፣ ቀጥሎ ሽጥ፣ አሁን ደግሞ ራስህ ወስን አልሽኝ።

ስለዚህ አሰብኩ። የኮርሱን ደብተር ገልብጬ ምንም አጣሁ። ዞር ብዬ ግን የራሴን ሥራ ቦታ አየሁ። እትዬ፣ እኛ ጋ እንግዳ አንድ ሸሚዝ ስለላከ ትልቁን ማሽን የሚያስነሣ የለም። ነጭ ከነጭ ጋር ይጠራቀማል፤ አንሶላ በቀኑ፣ ፎጣ በቀኑ። እንግዳውም «ሐሙስ ይደርስልዎታል» ሲባል ይጠብቃል፤ ማንም አልሞተም። ለመጣው ሁሉ እምቢ ከማለት፣ ለትንንሾቹ ለያንዳንዱ ዓይነት ቀን ብትሰጪያቸውስ? እስኪጠራቀም። በመሐሉ አውቶብሶቹ ይሠሩ።

ይህን ካሰብኩ በኋላ መሸጡ አስጠላኝ። ለነጋዴውም ጻፍኩላቸው። የመጀመሪያው ሦስት ገጽ ሆነ። መልሼ ሳነበው ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነው፤ እንዲያውም እሺ ያልኩ ይመስላል። ቀደድኩት። ሁለተኛውም እንዲሁ። በመጨረሻ አንድ ንጹሕ ወረቀት አንሥቼ፣ በመጀመሪያው መስመር «ድርሻዬን አልሸጥም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ፖስታ ቤት አስገብቼ ስወጣ ላብ አጠመቀኝ። ተመልሼ ገባሁና፣ ደብዳቤዬን መልሱልኝ ብዬ ለመንኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «አይቻልም» አለችኝ። እትዬ፣ እንዴት ቀላል አድርጋ እንዳለችው ብትሰሚ! ቆሜ አደነቅኳት። ከኋላዬ ያለው ሰው ገፋኝ።

የጆሮ መድፈኛውን ልኬልሻለሁ፤ ሁለት አድርጌዋለሁ፣ ለሻምበልም።

ወንድምሽ


መጋቢት 3

ለወንድምዓለሜ፣

ወገብህ ቀና ይበል፣ የያዝከው ይባረክ፣ የጻፈች እጅህ አትድከም። የጆሮ መድፈኛው ደርሶናል። ሻምበል አንዱን አድርጋ፣ «ከእንግዲህ ጋሼ እሺ ሲሉም አልሰማም» አለች።

ያልከውን አድርገናል። ትንንሾቹን በዓይነት በዓይነታቸው ቀን ሰጠናቸው። አንዳንዱ አጉረምርሞ ሄደ፣ አንዳንዱ ቀኑን ጠብቆ መጣ። የተቀየመኝም አለ፤ አንዱ ባለ ታክሲ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። በመሐሉ ማሽኑ የአውቶብሱን ብረት እንደያዘ ሰነበተ። ዕቃ ገዢው ወስዶ ጨርሶ ደግሞ አዟል። ትርፉን ገና አላየነውም፤ ዕዳና የላስቲክ ዋጋ አለ፣ ከውጭ የሚመጣውም እንደረከሰ ነው። ዳነ ብዬ አልዋሽህም። ተንፍሷል።

አሁን ዋናው። የካቲት መጨረሻ ላይ ነጋዴው ያንተን ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ገቡ። አንተን ተዉህ። ቀጥ ብለው ወደ ጋሼ።

«እሱ ቃሉን በላ። ግድ የለም። የእርስዎን ግማሽ ይሽጡልኝ። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ደክመዋል፤ ደህና ዋጋ እሰጥዎታለሁ፣ ይረፉ። ከእሱ ጋር ደግሞ እኔ እስማማለሁ።»

ወንድሜ፣ ገባህ? አንተ እዚያ ያን ያህል ተሠቃይተህ የጻፍካት እምቢታ ከጋሼ አንዲት እሺ ብትወጣ ትበላለች። ልናገር አፌን ስከፍት ሻምበል ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ተያቸው። ያንቺ እምቢ ለእሳቸው አይሆንም» አለችኝ። ቁንጥጫዋ አሁንም ጠቁሯል።

ጋሼ ቀና አሉ። ያቺ «አይሆንም» አንገታቸው ላይ ወጣች፤ አየኋት። ተመለሰች። ነጋዴው ቀረብ አሉና ትከሻቸውን ያዙ፤ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ጤናዎ እንዴት ነው? ጨጓራዎ?» እንግዲህ አለቀልን አልኩ፤ አንተንም የያዙህ በዚሁ ነው።

«ጨጓራዬ…» አሉ ጋሼ። «ጨጓራዬ ደህና ነው።» ከዚያ ወደ ማሽኑ አዩ፣ ወደ ሰውዬው አዩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ብረቱ ግሏል። ቡሹ ይቃጠልብኛል።»

ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ!

እንግዳ አቁመው! ጋሼ! ነጋዴው እኔን አዩ፤ እኔ ድመታችን ስለወለደቻት ግልገል ልነግራቸው ጀመርኩ፣ አንዷ ቀርታለች ይወስዷታል ወይ አልኳቸው። ደብዳቤህን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ሮጬ ስሄድ ጋሼ ከፕሬሱ ጀርባ የላስቲክ ጥቅል ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሄዱ?»

«ሄዱ።»

«ተቀየሙኝ?»

«ተቀይመዋል።»

«በጣም?»

«በጣም» አልኳቸው፤ ምን ልዋሽ።

ሻምበል ውሃ አመጣችላቸው፤ ጠጡ። «በእግራቸው ነው የሄዱት? ምንም አልሆኑም?»

«ምንም አልሆኑም። በሩ ላይ ስልክ ሲያወሩ ነበር።»

«ስልክ!» አሉ። ደረታቸውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ የሆነ ነገር ጎድሎ እንደሆነ የሚፈልጉ ይመስል። «እኔም እኮ ምንም አልሆንኩም።»

ሻምበል ብረቱን ከፈተችው። እንፋሎቱ ወጣ። ሦስታችንም ተደርድረን የአውቶብሱን ቡሽ ትኩሱን ማውጣት ጀመርን፤ እጃችን እየተቃጠለ።

እትዬህ፣ ከፕሬሱ አጠገብ